የሐብሩ ጓሮና የሐብሩ እርሻ

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ስሪንቃን አልፎ መርሳ የሚደርስ መንገደኛ፣ በሐብሩ ወረዳ ሁለት ዓይነት አፈር ያያል። ከቤት ጀርባ ያለው ጓሮ ጥቁርና ልስልስ ነው፤ ጌሾና ጎመን፣ ውኃ በሚገኝበትም ብርቱካንና ማንጎ ይበቅልበታል። በተዳፋቱ ላይ ያለው የማሽላ እርሻ ግን የነጣና የሳሳ ነው። ሁለቱን የለያያቸው የተፈጥሮ ዕድል ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሲቀበል ሌላው ሲሰጥ የኖረ በመሆኑ ነው።

ጓሮው የሚቀበለው ባለቤቶቹ ሳያስቡት ጭምር ነው። የምድጃ አመድ፣ የቤት ጥራጊ፣ ከበረት የሚዛቅ ፍግ፣ ሁሉም በአጭር መንገድ ወደዚያው ይሄዳል። የረገፈ ቅጠል በወደቀበት ይበሰብሳል፤ ትሉም ፈንገሱም ቀለቡን አያጣም። ይህን አፈር ሕያው ብሎ መጥራት ዘይቤ አይደለም።

ከእርሻው ግን አገዳው ሳይቀር ለከብት መኖ፣ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ይወሰዳል። ደኑ እየተመነጠረ በሄደ መጠንም ለመሬት ይገባ የነበረው ፍግ ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ገባ። ኬኔት ኒውኮምብ የተባሉት የዓለም ባንክ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ኢትዮጵያ ባቀረቡት ጥናት ያሳዩት ይህንኑ ቅደም ተከተል ነበር፤ አስቀድሞ ዛፉ፣ ቀጥሎ ፍጉና አገዳው፣ በመጨረሻም ምርቱ ይሄዳል። ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ጥሬ ማሽላ ግን አይበላም።

ከ1965 እና 66 ዓ.ም. ረኀብ በኋላ፣ ከ1977ቱም እልቂት ወዲህ፣ በወሎ ተራሮች ላይ ብዙ እርከን ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 የመጀመሪያ ጣቢያውን በደቡብ ወሎ ማይባር ላይ የከፈተው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በሰበሰበው መረጃ ሐንስ ሁርኒ እንደ ገመቱት፣ በኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት ከአንድ ሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። እርከኑ ይህን ለመግታት የታሰበ ነው። በእርከን የተያዘ አፈር ሁሉ ግን ሕያው አፈር አልሆነም።

ለዚህ ምስክሯ አቀንጭራ ናት። ሐምራዊ አበባዋ በማሽላው መካከል ሲታይ ጉዳቱ አስቀድሞ ተፈጽሟል። አንዲቷ ተክል እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር በአሥር ሺሕዎች ትበትናለች፤ ዘሩም ከአሥር ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ተኝቶ ጥሪ ይጠብቃል። ጥሪው ከማሽላው ሥር የሚወጣ ቅመም ነው። የዚህ ዓይነቱ ቅመም እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ከጥጥ ሥር ተለይቶ ታወቀ። አንድ ተክል ጠላቱን ስለ ምን ይጠራል? መልሱ አርባ ዓመት ያህል ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ጥሪው ለወዳጅ ነው፤ ከሥር ጋር ተጣምረው ፎስፎረስ የሚያቀብሉትን ፈንገሶች ይጣራል። ማሽላ ፎስፎረስ ወይም ናይትሮጅን ሲያጣ ይህን ቅመም አብዝቶ ያወጣል። እንግዲህ የተራበ እርሻ ወዳጁን አብዝቶ ሲጣራ የሚሰማው ጠላቱም ነው።

በ1992 ዓ.ም. ለገበሬው የተለቀቁት ጎቢዬና አብሽር የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች አቀንጭራን የሚቋቋሙት ይህን ጥሪ በመቀነስ ነው። ብርሃን የተባለችው ዝርያም በ1994 ዓ.ም. ተከተለች። ለዚህ ሥራ መሠረት የጣሉት በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ሽልማቱ የሚገባቸው ነው። እርሳቸውም ቢሆኑ ዝርያውን ለብቻው አላቀረቡትም፤ ከማዳበሪያና ውኃ ከሚያቁር ቦይ ጋር እንጂ። ዘሩን ብቻ ነጥሎ ማወደስ ዝርያው የተራበውን አፈር እንደማያጠግበው መርሳት ይሆናል።

ሌላም ችግር አለ። ጎቢዬና አብሽር ቶሎ የሚደርሱ፣ ቁመታቸውም አጭር ነው። ዝናብ ቀድሞ በሚቋረጥበት አገር ቶሎ መድረስ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን አጭር አገዳ ለላሟም ለምድጃውም አይበቃም፤ አገዳ ባነሰ ቁጥር የሚነደው ኩበት ይበዛል። ረጅሙን የአገሬውን ማሽላ የሙጥኝ ያለ ገበሬ ሲታይ አላዋቂ የሚለው አይታጣም፤ ሰውየው ግን እህሉን ብቻ ሳይሆን አገዳውንም ቆጥሮ ነው የዘራው።

ባሕር ዛፍ ተክሎ ማገዶውን የቻለ ቤት ኩበቱን መተው ይችላል። ያን ጊዜም ቢሆን ፍጉ አስቀድሞ የሚደርሰው ጓሮው ነው። ከበረት እስከ ጌሾው ሥር ጥቂት እርምጃ ነው፤ እስከ ተዳፋቱ እርሻ ግን መንገዱ ሽቅብ ነው፣ ሸክሙም በጀርባ።