ከወረቀት እስከ አክሪሊክ፤ የጨርቅ መቁረጫ ልክ ታሪክና የስያሜው ጣጣ

በእንግሊዝኛ «ቴምፕሌት» የተባለው ቃል፣ የሥርወ ቃል ሊቃውንት እንደሚገምቱት፣ መነሻው የሸማኔ ቤት ነው። በፈረንሳይኛ «ታምፕል» የሚባለው፣ ጨርቁ በሚሠራበት ጊዜ ወደ ውስጥ እንዳይሰበሰብ ግራና ቀኙን ወጥሮ የሚይዝ እንጨት ሲሆን «ታምፕሌ» የዚሁ ማሳነሻ ነው። ቃሉ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ገብቶ በመጀመሪያ የሕንፃ ሠራተኞች ዘንድ ኖረ፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ «ፕሌት» የሚለውን ቃል መስሎ አጻጻፉ ተለወጠ። ከዚህ በታች የምንመለከተው ግን ቃሉ እንደገና ወደ ጨርቅ ተመልሶ ያገኘውን ትርጉም ነው። ትርጉሙ አንድ ሳይሆን ሁለት ስለሆነ ለተርጓሚ አደገኛ ነው።

ነገሩ የሚነሣው ከ«ኩዊልት» ነው። ይህ ላይና ታቹ ጨርቅ፣ መካከሉ ጥጥ ወይም ሱፍ ሆኖ አንድ ላይ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ሲሆን፣ የላይኛው ገጽ ብዙ ጊዜ ከትንንሽ ቁራጮች ይገጣጠማል። በእኛ «ድሪቶ» ማለት የሚቀናው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ድሪቶ ድኅነት የደረተው ልብስ ነው፤ የኩዊልት ቁራጭ አስቀድሞ ተለክቶ፣ ለውበት ተመርጦ የሚቆረጥ ነው። ስለዚህ ቃሉን ሳይተረጉሙ መተው ከማዋረድ ይሻላል።

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. 1718 ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት የሐር አልጋ ልብስ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። የተሠራው እያንዳንዱን ቁራጭ ሐር በወረቀት ቅርጽ ላይ አጥፎ በክር በማሰር ነው፤ ወረቀቶቹም ዛሬ ድረስ ከውስጡ አልወጡም። በአሜሪካ ደግሞ በፊላዴልፊያ ይታተም የነበረው «ጎዴይስ ሌዲስ ቡክ» የተባለ መጽሔት በ1835 የባለ ስድስት ጎኑን ቅርጽ አሠራር አወጣ። «ካንሳስ ሲቲ ስታር» የተባለው ጋዜጣም ከ1928 እስከ 1961 እነዚህን ቅርጾች ለአንባቢዎቹ ሲያትም ኖሯል። ሰፊዎች ቅርጹን ወደ ካርቶን ይገለብጡ ነበር፤ ዘላቂ መሣሪያ የፈለጉት ከቆርቆሮ ያስቆርጡ ነበር።

የካርቶን ችግር የታወቀ ነው። እርሳስ በዙሪያው በተመላለሰ ቁጥር ጠርዙ ይበላል፤ ማዕዘኑም ይደፈናል። ከዚህ የሚብሰው ካርቶኑ ሲጠፋ ከተቆረጠው ጨርቅ ላይ ሌላውን መለካት ነው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ስሕተት ይወርሳል፣ ሦስተኛው የሁለቱን። (ከቅጂ ላይ ቅጂ ሲጻፍ ብራና ላይ የሚሆነውን የሚያውቅ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም።) በአንድ ቁራጭ 1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ 20 ቁራጭ በተሰለፈበት ረድፍ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

ጥርት ያለው አክሪሊክ በ1930ዎቹ ለገበያ ቀረበ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የአውሮፕላን መስኮት ሆነ። ወደ ሰፊዎች እጅ የገፋው ግን ሌላ መሣሪያ ነው። በ1979 «ኦልፋ» የተባለው የጃፓን ድርጅት እንደ ጎማ የሚሽከረከር ክብ ምላጭ አወጣ። ምላጩ የካርቶንንና የስስ ፕላስቲክን ጠርዝ ይልጣል፤ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው አክሪሊክ ግን እንደ ግድግዳ ይመራዋል። በላዩ አሻግሮ ማየት ስለሚቻልም ሰፊው ድሩና ማጉ በየት አቅጣጫ እንደሚሄድ ሳይገምት ያያል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ድርና ማጉን በሰያፍ ያቋረጠ ጠርዝ ሲሰፋ ይለጠጣል።

ከመሣሪያው ጋር ትርጉሙም ተለወጠ። በወረቀቱ አሠራር ቴምፕሌቱ ቁራጩ ከተሰፋ በኋላ የሚኖረውን መጠን ያሳያል፤ የሚታጠፈው ጨርቅ ከዚያ ውጭ ነው። በካርቶኑም ዘንድ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነበር፤ በእርሳስ የሚሰመረው የስፌቱ መስመር ሲሆን መቀሱ በግምት ከውጭ ይሄዳል። ለክቡ ምላጭ በተሠራው አክሪሊክ ግን ጠርዙ ራሱ የመቁረጫው መስመር ስለሆነ፣ በየጎኑ ለስፌት የሚተወው ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር፣ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ተካቷል። የእንግሊዝኛው ስም ግን ያው አንዱ ነው።

ይህ ጸሐፊም በአንድ ወቅት ሁለቱን «ልክ» ብሎ በአንድ ቃል አልፏቸው ነበር። ውጤቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ተሰፍቶ 3 ኢንች እንዲሆን የታሰበ አራት ማዕዘን በአሮጌው ልክ 3፣ በአዲሱ 3 ተኩል ኢንች ነው። አሮጌውን እንደ አዲሱ ቆጥሮ በ3 የቆረጠ አንባቢ ሲሰፋው 2 ተኩል ይቀረዋል፤ ስድስቱ ሲገጣጠሙ 18 መሆን የሚገባው ረድፍ 15 ይሆናል። አዲሱን እንደ አሮጌው ቆጥሮ ሩብ ሩብ የጨመረበት ደግሞ 21 ያገኛል። ሁለቱም ረድፎች ከጎረቤታቸው አይገጥሙም፤ ጨርቁም ተበላሽቷል።

የልብስ ሰፊዎቻችን ቋንቋ መፍትሔውን ይዟል። ሰፊ ጨርቅ «ይቀዳል» እንጂ ዝም ብሎ አይቆርጥም፤ «ቅድ»ም ከዚያ የወጣ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን «የስፌት ልክ»፣ ሁለተኛውን «የቅድ ልክ»፣ በመካከላቸው ያለውን ሩብ ኢንች «የስፌት ትርፍ» ማለት ይቻላል። «ሻጋታ» የሚለው ሐሳብ ሊቀርብ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ሻጋታ የሚፈስ ነገር የሚሞላበት ስለሆነ ለጨርቅ አይስማማም። ምንጩ የትኛውን ልክ እንደሚል ቃሉ ካልነገረው፣ ተርጓሚው ሥዕሉን ይመልከት፤ ሁለቱም መስመሮች በታተሙበት ቅርጽ እንደ ልማዱ ያልተቋረጠው መስመር የቅድ፣ የተቆራረጠው የስፌት ነው።