መለኪያው ከቁልፉ ይቀድማል

የመኪናን የሞተር ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ተምሮ ማስተካከል አሜሪካ ውስጥ አርባ ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ልማድ ነው። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የቁልፍ ታሪክ ተደርጎ ይነገራል፤ ፋብሪካው ኮምፒውተሩን ቆለፈ፣ ጎበዞች ሰብረው ገቡ፣ መንግሥት ተቆጣ ይባላል። ይህ አተራረክ ለጀብዱ ይመቻል እንጂ የሆነውን አያስረዳም። ኮምፒውተሩን ከፍቶ የሚያይ ሰው ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ነበረ፤ ልማዱ ማንም በትዕግሥት ሊማረው የሚችል ሙያ የሆነው ግን ከ2000 ወዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የጎደለው መለኪያ ነበር። ተራ ሰው የሞተሩን ጭስ በቁጥር ማንበብ እስኪችል ድረስ የተከፈተው ኮምፒውተር ለአብዛኛው ሰው የማይነበብ መጽሐፍ ሆኖ ቆይቷል። ይህን ልብ ማለት የሚያስፈልገው ለታሪኩ ሲባል ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ማን ምን እንዲነካ ይፈቀድ በሚለው ክርክር ውስጥ ሁለቱም ወገኖች ቁልፉ ላይ አፍጥጠው መለኪያውን ስለሚረሱት ጭምር ነው።

ከኮምፒውተሩ በፊት የነበረው መካኒክ መሣሪያው ዓይኑና ጆሮው ነበር። ካቻቢቴውን ይዞ የካርቡሬተሩን የሚኒሞ ብሎን ጠበቅ ላላ ያደርጋል፣ ሞተሩን ያዳምጣል፣ ካንዴላ ነቅሎ ቀለሙን ያያል። ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ አንሷል፣ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ይህ ሊናቅ የማይገባ እውቀት ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ በሚገኝ ከተማ ደግሞ የግድ ነበር፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ለቆላ የተሰናዳ ካርቡሬተር ደጋ ላይ ነዳጅ አብዝቶ ያጠጣል፤ የነዳጁን ቀዳዳ በጠባብ የሚቀይር እጅ ካላገኘም መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋ ይኖራል። ነገር ግን ዓይንና ጆሮ የሚይዙት ትልቁን ስህተት ነው። ከመቶ አምስት ያህል የሚሆን የቤንዚን ልዩነትን ካንዴላ አይናገርም፤ ቢናገርም በየትኛው ፍጥነትና በየትኛው ጭነት ላይ እንደተፈጠረ አይለይም።

ኮምፒውተሩን ወደ መኪና ያመጣው የሎስ አንጀለስ ሰማይ ነው። በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው የሆላንድ ተወላጅ ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት፣ ከተማዋን የሚያፍናት ጭጋግ ከመኪና ጭስ የሚወጡ ጋዞች በፀሐይ ብርሃን ተለውጠው የሚፈጥሩት መሆኑን በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሳየ። የ1970ው የንጹሕ አየር ሕግ ደግሞ የመኪና ጭስ በካይነት በጥቂት ዓመታት ውስጥ 90 ከመቶ እንዲቀንስ አዘዘ። ካርቡሬተር ብቻውን ይህን አይችልም። ሦስቱን ዋና ዋና በካይ ጋዞች በአንድ ጊዜ የሚያጸዳው ካታሊስት የሚሠራው ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲደርሰው ነው፤ ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ሥራው ይበላሻል። ስለዚህ ካታሊስቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ጭሱን የሚያሸት የኦክስጅን ሴንሰርና ሴንሰሩን እየሰማ ነዳጁን የሚያስተካክል ኮምፒውተር የግድ ሆኑ። ቮልቮ ሴንሰሩን በ1977 ሞዴል መኪኖቹ ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ አቀረበ፤ ቦሽ በ1979 ነዳጅንና ብልጭታን በአንድ ዲጂታል ኮምፒውተር የሚያዝዘውን ሞትሮኒክን ቢኤምደብሊው ላይ ገጠመ፤ ጄኔራል ሞተርስ በ1981 አሜሪካ ውስጥ በሚሸጣቸው የቤንዚን መኪኖች ሁሉ ማለት ይቻላል ኮምፒውተር አስገባ። የቤቱ ተማሪ ኋላ የሚማርበትን ዕቃ በሙሉ ያቀረበለት እንግዲህ የአየር ሕጉ ነው። ሕግና ይህ ልማድ ከጥንት ጀምሮ ጠላቶች እንደነበሩ አድርጎ ማቅረብ ከዚህ መነሻ ጋር አይገጥምም።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ነገር ምሥጢራዊ አይደለም። ዋናው ሰንጠረዥ ነው፤ በአንድ ጎን የሞተሩ ዙር፣ በሌላው ጎን ጭነቱ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ሳጥን ኢንጄክተሩ ስንት ሚሊሰከንድ ተከፍቶ እንደሚቆይ የሚወስን ቁጥር ይይዛል። ሌላ ተመሳሳይ ሰንጠረዥ ካንዴላው መቼ ብልጭ እንደሚል ያዛል። ጄኔራል ሞተርስ እነዚህን ሰንጠረዦች ያኖራቸው በሚነቀል ቺፕ ላይ ነበር። ቺፑ ዶቭ ፍሮማን በ1971 ኢንቴል ውስጥ የፈለሰፈው ዓይነት፣ በላዩ ባለው ትንሽ መስኮት በኩል የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲበራበት የሚጠፋና እንደገና የሚጻፍ ነው። ቺፕ መንቀል፣ መቅዳትና መጻፍ ለኤሌክትሮኒክስ ወዳድ ከባድ አልነበረም። የ1990ዎቹ መጀመሪያ የሆንዳ ሲቪክ ኮምፒውተር፣ ፒ28 የሚባለው፣ ሰሌዳው ላይ ፋብሪካው ባዶ የተወው የቺፕ ቦታ ስለነበረው እዚያ ላይ ሶኬት በይዶ የራስን ቺፕ መሰካት ይቻል ነበር። ቁልፍ የሚባል ነገር እዚህ ጋ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሆኖም የዚያ ዘመን ዋና ንግድ የተዘጋጀ ቺፕ መሸጥ ነበር፤ ገዢው ሰክቶ ይነዳል፣ ቺፑ ውስጥ ምን እንደተለወጠ አያውቅም። ለምን ራሱ አልጻፈውም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ ሴንሰሩ ላይ ነው። የፋብሪካው የኦክስጅን ሴንሰር የሚናገረው ድብልቁ ከ14.7 በላይ ወይም በታች መሆኑን ብቻ ነው፤ ምን ያህል እንደራቀ አይናገርም። ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ግን የሚፈልገው ወደ 12.8 ገደማ ነው፤ እዚያ ላይ ሴንሰሩ ዕውር ነው። ርቀቱን የሚለካው መሣሪያ የቤተ ሙከራ ዕቃ ስለነበር ዋጋው የቤት ተማሪን አቅም ያልፍ ነበር። ስለዚህ ቺፑን የከፈተው ሰው የሚለውጠውን ቁጥር እያየ፣ የለውጡን ውጤት ግን በካንዴላ ቀለም ይገምት ነበር፤ አዲሱ ዕቃ በአሮጌው ዓይን ይሠራ ነበር።

ለውጡን ያመጣው ራሱ ፋብሪካው ነው። ሆንዳ ለ1992ቱ ሲቪክ ቪኤክስ፣ ነዳጅ ቆጣቢ ለነበረው መኪናው፣ ከ14.7 የራቀ ድብልቅን ጭምር የሚለካ ባለ አምስት ሽቦ ሴንሰር ገጠመ። መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ የሚገኝ ዕቃ ሆነ ማለት ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኤሌክትሮኒክስ አፍቃሪዎች ይህን ሴንሰር፣ ቀጥሎም የቦሽን መሰሉን፣ የሚያነብ አነስተኛ መሣሪያ ነድፈው ንድፉን በነፃ አሠራጩ። ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ሒሳብ ተለወጠ። ሰንጠረዡ ላይ አንድ ሳጥን 70 ይላል እንበል፤ መኪናው በዚያ ዙርና ጭነት ሲነዳ መለኪያው 14.0 አነበበ፤ የተፈለገው 12.8 ነው። 70ን በ14.0 አባዝቶ ለ12.8 ማካፈል 76.6 ይሰጣል፤ 77 ተብሎ ይጻፋል፤ እንደገና ይነዳል፣ እንደገና ይነበባል። አራተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ የሚሠራው ስሌት ነው። እኔ የዚህን ልማድ ታሪክ ለሁለት የምከፍለው እዚህ ላይ ነው፤ ከዚህ በፊት ስህተት ወሬ ነበር፣ ከዚህ በኋላ ቁጥር ሆነ። ስህተቱን በቁጥር የሚያይ ሰው ደግሞ መምህር ባይኖረውም ይማራል።

ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ በ2001 ያቀረቡት ሜጋስኩዊርት የዚህ ዘመን ምልክት ነው። የፋብሪካውን ኮምፒውተር መክፈት አያስፈልገውም፤ ሙሉ በሙሉ ይተካዋል። ተማሪው ሰሌዳውንና ቅንጣት ዕቃዎቹን ተቀብሎ አንድ በአንድ እየበየደ ይገጥማል፣ በገመድ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኛል። የመጀመሪያው ቅጂ የነዳጅ ሰንጠረዥ 8 በ8፣ በድምሩ 64 ሳጥን ብቻ ነበረው፤ ብልጭታውንም አይነካም ነበር። ይህ ማነስ ለትምህርት ጠቃሚ ሆነ ብዬ አምናለሁ፤ ጀማሪው ነዳጅን ብቻ ይዞ ጀመረ፣ ብልጭታን የሚያዝዘውን ፕሮግራም ኋላ የጨመሩት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከሜጋስኩዊርት ጎን ለጎን የፋብሪካውን ቁልፍ ካነሣን ደግሞ ያው ነገር ይታያል። በዚያው ዘመን የሱባሩን ኮምፒውተር በገመድ ማንበብና መጻፍ የሚያስችሉ ነፃ ፕሮግራሞች ወጡ፤ እነርሱም የተስፋፉት የጭስ መለኪያው በየእጁ ከገባ በኋላ ነው።

ለዚህ ክርክር ራሱ ልማዱ ውስጥ ያለ ፈተና አለ፤ እርሱም ብልጭታ ነው። ብልጭታው ከሚገባው ቀድሞ ሲመጣ ነዳጁ ያለጊዜው ይፈነዳል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስተን ይሰበራል። ርካሹ የጭስ መለኪያ ይህን አያይም። ሰዎች ሞተሩ ላይ ማይክሮፎን አስረው በጆሮ ማዳመጫ ያደምጣሉ፣ አቅሙ ያለው የጉልበት መለኪያ ማሽን ላይ መኪናውን ያወጣል፤ ቤት ውስጥ ግን ነዳጅን ያህል የሚታመን ቁጥር የለም። ብዙ ሞተር የሚቃጠለውም እዚህ ላይ መሆኑ አይገርምም። ይህ ግን ሐሳቡን የሚያፈርስ ሳይሆን የሚያጸና ነው፤ መለኪያው በጎደለበት ቦታ ላይ ሙያው እስከ ዛሬ በግምት ይሠራል።

ከባዱ ተቃውሞ ከአየሩ በኩል የሚመጣው ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2020 ባወጣው ጥናት፣ በአሥር ዓመት ያህል ጊዜ ከ550,000 በላይ የናፍጣ ፒካፖች የጭስ ማጽጃቸው እንደተወገደ ገምቷል፤ ያወጡት ተጨማሪ ብክለት ከ9 ሚሊዮን በላይ ያልተነኩ የናፍጣ ፒካፖች መንገድ ላይ ቢጨመሩ ያህል መሆኑን አስልቷል። ይህ ጥፋት ነው፤ በነፃነት ስም ሊሸፈን አይገባም። ነገር ግን ይህ በብዛት የተሠራው ተሰክቶ በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉን በሚለውጥ፣ ተዘጋጅቶ በሚሸጥ ዕቃ ነው። ገዢው ሰንጠረዥ አላየም፣ ጭስ አልለካም፤ ከ1980ዎቹ ቺፕ ገዢ አልተለየም። በሌላ በኩል በ2015 የሆነውን እናስብ። የቅጂ መብት ሕጉ ባለቤቱ የመኪናውን ሶፍትዌር ለጥገናና ለሕጋዊ ማሻሻያ ሲል እንዲከፍት ይፍቀድለት ወይ ተብሎ ሲመከር፣ ይኸው ባለሥልጣን ስለ አየሩ በመስጋት ተቃወመ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የፎልክስቫገን ማጭበርበር ወጣ፤ በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ፈተና ላይ መሆናቸውን አውቀው ጭሳቸውን የሚቀንሱ፣ መንገድ ላይ የሚለቁት ሆነው ተገኙ። ማንም ያልነካው፣ የተቆለፈ የፋብሪካ ሶፍትዌር ነበር። ያጋለጠውም ቁልፍ ሰባሪ አልነበረም፤ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መለኪያ መኪናው ላይ ጭነው መንገድ ለመንገድ ስለነዱ ነው። ጀርመናዊው ፌሊክስ ዶምከ ሶፍትዌሩን አንብቦ አሠራሩን ሃምቡርግ ላይ ያስረዳው ከዚያ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2015 ነው። መለኪያው ቀደመ፣ ንባቡ ተከተለ።

የመክፈት ፈቃዱ በጥቅምት 2015 ተሰጠ፤ ባለሥልጣናቱ እንዲዘጋጁ ለአንድ ዓመት ተዘገየ፤ በየሦስት ዓመቱም እንደገና መጠየቅ ይኖርበታል። ካሊፎርኒያ ግን ሌላ መንገድ ያዘች። የ2000 ሞዴልና ከዚያ በኋላ የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች በየሁለት ዓመቱ በሚደረገው ምርመራ ጭሳቸው በቧንቧው መለካቱ ቀርቶ ኮምፒውተራቸው ይጠየቃል፤ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ደግሞ ያልጸደቀ ሶፍትዌር የተገኘበት መኪና ይወድቃል። ጭሱ ከፋብሪካው ይበልጥ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ይወድቃል፤ ማንም አልለካውምና። የዚህ አሠራር ደጋፊዎች የቧንቧ ፈተና ሊታለል እንደሚችል ፎልክስቫገን አሳይቷል ይላሉ። እውነት ነው፤ የተታለለው ግን ቋሚ ፈተና ነው፣ መንገድ ላይ የተደረገው ልኬት አልተታለለም። ሶፍትዌሩ ፋብሪካው የጻፈው መሆኑን ማረጋገጥ ደግሞ በ2015 ያንን ማጭበርበር አያስቆመውም ነበር፤ እያንዳንዱ መኪና የፋብሪካውን ሶፍትዌር ይዞ ነበርና።

የቤቱ ተማሪ የጭስ መለኪያም የራሱ ጉድለት አለበት፤ ኦክስጅንን ይለካል እንጂ ከናፍጣ ሞተር የሚወጡትን የናይትሮጅን ጋዞች አይለካም። ስለዚህ አንድ ሰው ሰንጠረዡን በጥንቃቄ አስተካክሎ፣ ሳያውቅ ጎረቤቱን ሊበክል ይችላል። አዳዲሶቹ የናፍጣ መኪኖች ግን የናይትሮጅን ጋዝ ሴንሰር ከፋብሪካ ይዘው ይወጣሉ፤ ንባቡም በኮምፒውተሩ መሰኪያ በኩል ሊወጣ ይችላል። ፈቃድ ሰጪው ተማሪውን ይህን ንባብ እየመዘገበ እንዲያስተካክል ቢያስገድደው፣ ተዘጋጅቶ በተሸጠው ዕቃና በተማረው ሰው መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ ይታይ ነበር። የካሊፎርኒያው የሶፍትዌር ቁጥጥር ግን ሶፍትዌሩ ጸድቋል ወይ የሚለውን እንጂ ቧንቧው ምን አወጣ የሚለውን አይጠይቅም።