የጉበት ቀዶ ሕክምና አደጋዎች ከታሪክ አንጻር

በ1888 እ.ኤ.አ. ካርል ላንገንቡኽ በበርሊን የጉበቷን ክፍል ቆርጦ ያወጣላት ታካሚ ከሰዓታት በኋላ በመድማቷ ሆዷ ዳግም ተከፍቷል። በ1908 ፕሪንግል ወደ ጉበት የሚገቡትን የደም ሥሮች ለጊዜው ጨብጦ መድማትን መግታት እንደሚቻል አስተማረ። መድማቱ እየተገታ ሲሄድ ግን ሌላው ስጋት ጎልቶ ታየ፤ ይኸውም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚቀረው ጉበት ሥራውን መወጣት አለመቻሉ ነው። ቻይልድና ተርኮት በ1964 ያወጡት፣ ፑና ባልደረቦቹ በ1973 ያሻሻሉት መለኪያም ቢሊሩቢንን፣ አልቡሚንን፣ የደም መርጋትን፣ የሆድ ውሃንና የአእምሮ መደናገርን ይመዝናል።

ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር የሚላክ ታካሚም አደጋው የሚገመተው ገና ከመላኩ በፊት ነው። የዓይኑን ቢጫነት፣ የሆዱን ውሃና የሰውነቱን መክሳት መርምሮ በመላኪያው ወረቀት ላይ ማስፈር ለቀዶ ሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው። በ1999 ዓ.ም. በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደግሞ አደጋውን ከሥሩ የሚቀንስ ነው።