አዲስ ላፕቶፕ፦ አሁን መግዛት ወይስ መጠበቅ?

ላፕቶፕ ለብዙ ቤተሰብ ከፍሪጅና ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ጋር የሚመደብ ትልቅ ወጪ ነው። ልጅ የቤት ሥራውን ይሠራበታል፣ ወላጅ የቢቱዋህ ለኡሚ ፎርም ይሞላበታል፣ ሥራ ፈላጊ ማመልከቻውን ይልክበታል። አሮጌው መንቀራፈፍ ሲጀምር ግን ምክሩ ይበዛል። አንዱ «ትንሽ ጠብቅ፣ ይረክሳል» ይላል። ሌላው «ዛሬ ካልተገዛ ነገ ይወደዳል» ይላል። ሁለቱም እንደ ጊዜው ትክክል የሚሆኑበት አጋጣሚ አለ። መልሱን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የአሮጌው ኮምፒውተር ሁኔታ፣ አዲሱ የሚያስፈልግበት ቀን እና የገበያው ሁኔታ።

መጀመሪያ አሮጌውን መመርመር

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ይህ ማለት ኮምፒውተሩ በዚያ ቀን ሥራ አቆመ ማለት አይደለም። ይከፈታል፣ ይጽፋል፣ ኢንተርኔትም ይገባል። የቀረው የደህንነት ጥገናው ነው። ሌቦች አዲስ ቀዳዳ ሲያገኙ የሚደፍንለት የለም ማለት ነው። ለቤት ተጠቃሚዎች የተዘጋጀ የተራዘመ የደህንነት ፕሮግራም አለ፤ የሚቆየው እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ 10 ያለው ሰው በዚህ ፕሮግራም ከተመዘገበ ጊዜ ይገዛል እንጂ ችግሩን ለዘለቄታው አይፈታም።

ቀጣዩ ጥያቄ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11ን ይቀበላል ወይ የሚለው ነው። ማይክሮሶፍት ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል እና በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በጥቅሉ ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ፣ ኤኤምዲ ራይዘን ከሆነ ከ2000 ተከታታይ ጀምሮ ያለው ይቀበላል። ማይክሮሶፍት ራሱ ያዘጋጀው «ፒሲ ሄልዝ ቼክ» የተባለ ነጻ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን ፈትሾ መልሱን ይሰጣል።

ካለፈ፣ ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገሩ ገንዘብ አይጠይቅም። «ቀርፋፋ ሆነ» የሚለው ችግር ደግሞ ብዙ ጊዜ የኮምፒውተሩ ሁሉ እርጅና አይደለም። በውስጡ የሚሽከረከር አሮጌ ሃርድ ዲስክ ካለው በኤስኤስዲ ቢተካ ልዩነቱ ወዲያውኑ ይታያል። ሜሞሪው 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነና መጨመር ከተቻለ እሱም ይረዳል። ባትሪም ከብዙ መቶ ጊዜ ሙሊት በኋላ አቅሙ መቀነሱ የተለመደ ነው፤ እሱን ብቻ መቀየር አዲስ ማሽን ከመግዛት በጣም ያንሳል።

ካላለፈ ግን ለጥገና ትልቅ ገንዘብ ማውጣት አያዋጣም። እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ነጻ ሥርዓት ተጭኖበት ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ጥቂት ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ድጋፍ በተቋረጠበት ኮምፒውተር የባንክ ሂሳብ መክፈትና የክሬዲት ካርድ ቁጥር ማስገባት ግን መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

የሚያስፈልግበት ቀን

ሁለተኛው ጉዳይ የቀን መቁጠሪያው ነው። ትምህርት ቤት ሴፕቴምበር 1 ይከፈታል። የዩኒቨርሲቲና የሚክላላ ትምህርት የሚጀምረው ከጥቅምት በዓላት፣ ማለትም ከሱኮት በኋላ ነው። አሮጌው ተሰብሮ ተማሪው በስልክ ብቻ የቤት ሥራ እየሠራ ከሆነ፣ ጥቂት መቶ ሸቄል ለመቆጠብ ሦስት ወር መጠበቅ ትርፉ ኪሳራ ነው። በትምህርት የሚጠፋው ጊዜ በቅናሽ አይመለስም።

አሮጌው ደህና እየሠራ ከሆነ ግን መጠበቅ ይቻላል። ትልልቅ ቅናሾች የሚሰበሰቡት በኖቬምበር ወር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ስግድ በሚከበርበት ወቅት ማለት ነው። ከቻይና የመጣው የኖቬምበር 11 ገበያ እና ከአሜሪካ የመጣው ብላክ ፍራይደይ በእስራኤል ሱቆችም ይካሄዳሉ። ሆኖም «ሚብጻዕ» የሚል ጽሑፍ ሁሉ እውነተኛ ቅናሽ አይደለም። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በፊት የሚፈለገውን ሞዴል ሙሉ ቁጥር ጽፎ በዛፕ የዋጋ ማወዳደሪያ ገጽ ላይ ያለውን ዋጋ መመዝገብ ይጠቅማል። በቅናሹ ቀን ዋጋው ከተመዘገበው ካልወረደ ቅናሽ የለም ማለት ነው።

ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ሌላ ማሳሰቢያ አለ። የትምህርት ክፍሉ የሚጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች ሳያውቁ መግዛት አደጋ አለው። ለምሳሌ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ሶሊድዎርክስ እና አርክቴክቶች የሚጠቀሙበት ሬቪት ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው፤ ለአፕል ማክ የተዘጋጀ ቅጂ የላቸውም። በበጋ ተቻኩሎ ማክ የገዛ የአርክቴክቸር ተማሪ በመጀመሪያው ወር ሌላ ወጪ ሊመጣበት ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ዋጋው በእርግጥ ይወርዳል?

ለብዙ ዓመታት የታወቀው ነገር የኮምፒውተር ዋጋ ከጊዜ ወደ ጊዜ መርከሱ ነው። በየዓመቱ በጃንዋሪ በላስ ቬጋስ፣ ከዚያም በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ አካባቢ በታይፔይ በሚደረጉ ትልልቅ ትርኢቶች አዳዲስ ፕሮሰሰሮችና ላፕቶፖች ይቀርባሉ። አዲሱ መደርደሪያ ላይ ሲወጣ ያለፈው ዓመት ሞዴል ይቀንሳል። ለቤት ሥራ፣ ለጽሑፍና ለቪዲዮ ያለፈው ዓመት ሞዴል ከበቂ በላይ ስለሆነ፣ ጥሩው ግዢ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

አዲሱን እየጠበቁ መኖር ግን ማብቂያ የለውም። አፕል የራሱን ኤም1 ፕሮሰሰር በኖቬምበር 2020 አወጣ፤ ኤም2 በ2022፣ ኤም3 በ2023፣ ኤም4 በ2024፣ ኤም5 በ2025 ተከተሉ። ኢንቴልና ኤኤምዲም እንዲሁ ናቸው። «የሚቀጥለው ይሻላል» የሚለው አባባል ሁልጊዜ እውነት ነው፤ ስለዚህ ብቻውን የመጠበቂያ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። የሜሞሪ ዋጋ በፍጥነት ጨመረ። ምክንያቱ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፦ ትልልቅ ኩባንያዎች ለሚገነቧቸው የመረጃ ማዕከሎች እጅግ ብዙ ሜሞሪ ይገዛሉ። በዓለም ላይ አብዛኛውን ሜሞሪ የሚሠሩት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ሲሆኑ፣ ፋብሪካዎቻቸው ወደዚያ ዞረዋል። ማይክሮን በዲሴምበር 2025 «ክሩሻል» በሚል ስም ለተራ ገዢ ይሸጥ የነበረውን ሥራ እንደሚያቆም አስታውቋል። ሜሞሪ በእያንዳንዱ ላፕቶፕ ውስጥ ስላለ ጭማሪው ወደ ላፕቶፑ ዋጋ ይተላለፋል። እንዲህ ባለ ጊዜ «እስኪረክስ» ብሎ መጠበቅ በተቃራኒው ሊያስወድድ ይችላል።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም ዋጋውን ያንቀሳቅሱታል። አንዱ የዶላር ምንዛሪ ነው፤ ኮምፒውተር ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ሸቄል ሲጠነክር አስመጪው በርካሽ ያስገባል። ሁለተኛው ማዓም ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከ17 ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሏል። በሱቅ 2,950 ሸቄል ከተጻፈበት ላፕቶፕ ውስጥ 450 ሸቄሉ ማዓም ነው።

ምን ዓይነት ማሽን ይበቃል?

ውድ ስለሆነ ብቻ ጥሩ፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አዋጭ የሚሆን የለም። ለትምህርትና ለቤት አገልግሎት 16 ጊጋባይት ሜሞሪና 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለው ላፕቶፕ ለበርካታ ዓመታት ያገለግላል። 8 ጊጋባይት ለቀላል ሥራ ይሆናል፤ ግን ቶሎ ይጠብባል። በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖችና በአፕል ማክቡኮች ሁሉ ሜሞሪው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም። «አሁን 8 ይበቃል፣ ኋላ እጨምራለሁ» የሚል ሰው መጨመር መቻሉን አስቀድሞ ሻጩን መጠየቅ አለበት።

ጥሩ መለኪያ ዋጋውን ለዓመት ማካፈል ነው። በ3,000 ሸቄል ተገዝቶ 5 ዓመት የሚያገለግል ላፕቶፕ በዓመት 600 ሸቄል ያስወጣል። በ2,000 ሸቄል ተገዝቶ በሁለት ዓመት ተኩል የሚጣል ደግሞ በዓመት 800 ሸቄል ያስወጣል። ርካሹ የተወደደው ያኔ ነው።

ያገለገለና ከውጭ የመጣ

ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚገዛ ሰው ትልቁ አደጋ ዊንዶውስ 11 የማይቀበል ማሽን መውሰድ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ካበቃ በኋላ እንዲህ ያሉ ኮምፒውተሮች በርካሽ ይቀርባሉ። ከ2018 በፊትና በዚያው ዓመት አካባቢ በተሠሩ ኢንቴል ኮምፒውተሮች ላይ ቁጥሩን ማንበብ ይቻላል፦ ኮር አይ5 ከሚለው ቀጥሎ 7200 ከተጻፈ 7ኛ ትውልድ ነው፤ 8250 ከሆነ 8ኛ፣ 10210 ከሆነ 10ኛ ነው። ከ8 በታች የሆነውን መተው ይሻላል።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣው ላፕቶፕም ጥያቄ አለው። ኤሌክትሪኩ አያሳስብም፤ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ የሚያስፈልገው የሶኬት መለወጫ ብቻ ነው፤ በኢትዮጵያም ይሠራል። ጉድለቱ ሌላ ነው፦ ኪቦርዱ የዕብራይስጥ ፊደል የለውም፣ ዋስትናውም እስራኤል ውስጥ ላይሠራ ይችላል። ፊደሉ በተለጣፊ ይፈታል፤ የዋስትናውን ግን ከመግዛት በፊት በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባል። ለአማርኛ ሲባል የተለየ ኮምፒውተር መፈለግ አያስፈልግም። ዊንዶውስ የአማርኛ ኪቦርድ በውስጡ አለው፤ ኪማን የተባለው ነጻ ፕሮግራምም አለ።

የገዢው መብት

በእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ፣ በኢንተርኔት ወይም በስልክ የገዛ ሰው ዕቃው ከደረሰው ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ይችላል። ዕቃው ጉድለት ከሌለው ሻጩ ሊቀንስ የሚችለው የዋጋውን 5 በመቶ ወይም 100 ሸቄል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። የ3,000 ሸቄል 5 በመቶ 150 ስለሆነ በዚህ ጊዜ የሚቀነሰው ከ100 አይበልጥም።

ማኅበረሰቡን በቀጥታ የሚነካ ተጨማሪ ድንጋጌም አለ። ዕድሜው 65 የሞላ ሰው፣ አካል ጉዳተኛ እና ቴዑዳት ኦሌ ካገኘ 5 ዓመት ያልሞላው አዲስ ገቢ፣ በስልክ ወይም ቤት ድረስ በመጣ ሻጭ አማካይነት ከገዙ፣ የመሰረዣ ጊዜያቸው 4 ወር ነው። ሁኔታው ከሻጩ ጋር ንግግር ተደርጎ መሆኑ ነው፤ በኤሌክትሮኒክ መልእክት የተደረገ ንግግርም ይቆጠራል። ቋንቋው በደንብ ሳይገባቸው በስልክ «እሺ» ላሉ እናቶችና አባቶች ይህ ትልቅ መብት ነው።

ሱቅ ሄዶ በአካል ለገዛ ሰው ሕጉ ጠበቅ ይላል። በ14 ቀን ውስጥ መመለስ የሚቻለው ያልተጠቀሙበትን ዕቃ ነው፤ ኤሌክትሪክ ላይ መሰካትም እንደ መጠቀም ይቆጠራል። ስለዚህ ያመነታ ሰው ካርቶኑን ሳይከፍት ያስቀምጠው፣ ደረሰኙንም አይጣለው። ከዚህ በተለየ ለአዲስ ኮምፒውተር ቢያንስ የአንድ ዓመት ዋስትና በሕግ ይሰጣል።

በአከፋፈልም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተራው «ታሽሉሚም» ያለ ወለድ ሊሆን ይችላል፦ 3,000 ሸቄል በ12 ወር 250 ሸቄል ነው። «ክሬዲት» የሚባለው አከፋፈል ግን ወለድ አለው። ከመፈረም በፊት «በመጨረሻ በጠቅላላ ስንት እከፍላለሁ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ውሳኔው ባጭሩ

አሮጌው ከተሰበረ፣ ወይም ዊንዶውስ 11 የማይቀበልና በየቀኑ ለባንክና ለትምህርት የሚያገለግል ከሆነ፣ መግዣው ጊዜ አሁን ነው። ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ሆኖ ቀርፋፋ ከሆነ፣ መጀመሪያ ኤስኤስዲ ወይም ባትሪ ይቀየርለት፤ ግዢው ይቆይ። ደህና የሚሠራና ድጋፍ ያለው ከሆነ፣ ዋጋውን እየመዘገቡ እስከ ኖቬምበር መጠበቅ ይቻላል። የሜሞሪ ዋጋ እየጨመረ ባለበት ወቅት ግን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ መግዛቱ የማይቀር ከሆነ፣ ተስማሚ ዋጋ በተገኘ ጊዜ መግዛት ከማዘግየት ይሻላል።

አዲሱ ሲገባ አሮጌው ሜዳ ላይ መጣል የለበትም። በእስራኤል ሕግ አዲስ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሸጠ ነጋዴ ተመሳሳዩን አሮጌ ዕቃ ያለ ክፍያ መቀበል አለበት። ከመስጠት በፊት ፎቶዎችና ሰነዶች ወደ ሌላ ቦታ ይገልበጡ፣ ከዚያም ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ። በውስጡ የቤተሰቡ የትዑዳት ዘሁት ኮፒና የባንክ ወረቀት እንዳለ የሚረሳ ብዙ ሰው ነው።