ሕያው ዕፅዋት በመስተዋት ገንዳ፤ የአንድ ሙከራ ታሪክ

በመስተዋት ገንዳ ዓሣ የሚያረባ ሰው አሳቡ ሁሉ በዓሣው ላይ ነው፤ ዕፅዋቱን ግን ከጌጥ አሳልፎ አይመለከታቸውም። የአኳሪየም ታሪክ ሲመረመር ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል። ቀድሞ በብርጭቆ ዕቃ ዓሣ የሚያኖር ሰው ውሃውን ቶሎ ቶሎ ካልለወጠ ዓሣው ይሞትበት ነበር። ይህን ችግር ለማቃለል በር የከፈተው ተክል ነው። ተክሉ ለምን እንደጠቀመ በትክክል ለማወቅ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ወስዷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ መነሻ በአየር ላይ የተደረገ ምርምር ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በኦገስት 17 ቀን 1771 ሻማ ነዶ በጠፋበት ዝግ አየር ውስጥ የናና ዘለላ አስቀመጠ፤ በዚያው ወር በ27ኛው ቀን ሌላ ሻማ ቢያስገባበት በሚገባ ነደደ። ከስምንት ዓመት በኋላም የኔዘርላንዱ ተወላጅ ሐኪም ያን ኢንገንሁዝ፣ ተክል የተበላሸውን አየር የሚያድሰው በብርሃን ብቻ መሆኑን አሳየ። በውሃ የተነከረ ቅጠል ፀሐይ ሲያገኝ አረፋ ያወጣል፤ በጨለማ ግን አረፋው ይቆማል፤ ይባስ ብሎም ተክሉ ራሱ አየሩን ያበላሻል። የፕሪስትሊ ግኝት ወዲያው ታወቀ። ሌሊትን የሚመለከተው የኢንገንሁዝ ማስጠንቀቂያ ግን፣ ዓሣ አርቢዎችን በተመለከተ፣ ለረጅም ጊዜ ሰሚ አላገኘም።

ይህን እውቀት ወደ ዓሣ ገንዳ ያመጣው ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት ነው። ዋሪንግተን በመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ቤት ይሠራ የነበረ ሰው ሲሆን፣ በ1841 የለንደን የኬሚስቶች ማኅበር እንዲቋቋም ባልደረቦቹን የሰበሰበውም እርሱ ነው። በ1849 አሥራ ሁለት ጋሎን፣ ማለትም ወደ 54 ሊትር ገደማ፣ በሚይዝ ዕቃ ውስጥ አሸዋና ጠጠር አነጠፈ፤ ሁለት ወርቃማ ዓሦች ጨመረ፤ ቫሊስኔሪያ የተባለውንም እንደ ሣር ረዥም ቅጠል ያለውን የውሃ ተክል ተከለ። አሳቡ ግልጽ ነበር፤ ዓሣው የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ ይወስዳል፤ ተክሉ የሚያወጣውን ኦክሲጅን ደግሞ ዓሣው ይተነፍሰዋል።

ሙከራው በመጀመሪያ ሊከሽፍ ተቃርቦ ነበር። ያረጁት ቅጠሎች በስብሰው ውሃውን አደፈረሱት፤ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገርም የመስተዋቱን ግድግዳ ሸፈነው። ዋሪንግተን ገንዳውን ከማጠብ ይልቅ በተፈጥሮ ኩሬ ውስጥ ይህን ብስባሽ የሚያስወግደው ማን እንደሆነ ጠየቀ፤ አምስት ወይም ስድስት የኩሬ ቀንድ አውጣዎችንም አስገባ። ቀንድ አውጣዎቹ ብስባሹን በሉት፤ ውሃው ጠራ፤ እንቁላላቸውም ለዓሦቹ ምግብ ሆነ። ውጤቱን በ1850 ለዚያው ለኬሚስቶች ማኅበር አቀረበ።

የዚህ ሙከራ ዋና ቁም ነገር ያለው፣ ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው በኦክሲጅኑ ሳይሆን፣ በቀንድ አውጣው ላይ ነው። ዋሪንግተን ያስተዋለው፣ ተክል በሕይወት እስካለ ድረስ ረዳት ሲሆን፣ መሞት ሲጀምር ግን እንደ ማንኛውም ሬሳ ውሃውን የሚበክል ሸክም መሆኑን ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን ይህን ዘነጉት።

በብሪታንያ የመስተዋት ቀረጥ በ1845 ተነሥቶ ስለነበር መስተዋት ረክሶ ነበር። በ1853 በለንደን የእንስሳት መኖሪያ የዓሣ ቤት ለሕዝብ ተከፈተ፤ በ1854 ደግሞ የፊሊፕ ጎስ መጽሐፍ «አኳሪየም» የሚለውን ቃል በየቤቱ አስገባው። «የዓሣና የተክል ሚዛን» የሚለው አሳብም እንደ ሃይማኖት ቀኖና ተያዘ። ተክል ከገባ ዓሣ ያለ ስጋት የሚኖር የመሰለው ሰው ገንዳውን በዓሣ ሞላው፤ ሌሊት ተክሎቹም እንደ ዓሦቹ ኦክሲጅን ስለሚተነፍሱ፣ ብዙ ገንዳ ማለዳ በድን ተንሳፎበት ተገኘ።

ኋላ የተደረገው ምርምር ሁለት ነገር አስተካከለ። አንደኛ፣ በገንዳ ውስጥ ኦክሲጅን በአብዛኛው የሚገባው በውሃው ገጽ በኩል ስለሆነ፣ ሰፊና የሚንቀሳቀስ ገጽ ከብዙ ቅጠል ይልቅ ያስተማምናል። ሁለተኛ፣ ዓሣ በስንጥቡ የሚያስወጣው አሞኒያ መርዝ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የውሃ ዕፅዋት ግን ናይትሮጅንን ለመመገብ ከሌላው ሁሉ እርሱን ያስቀድማሉ። ስለዚህ ዋሪንግተን በተክሉ መጠቀሙ ትክክል ነበር፤ ምክንያቱን ግን የያዘው በከፊል ነው።

ከዚህ የሚከተለው የመምረጥ ጥበብ ነው። የሚያምረው ሳይሆን በዚያ ውሃ ውስጥ በእርግጥ የሚያድገው ተክል ይመረጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃ ውስጥ የሚስፋፋው ከአየር በአሥር ሺህ እጥፍ ቀስ ብሎ በመሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ የውሃ ተክል የሚራበው ካርቦን ነው። ቫሊስኔሪያ ኖራ በበዛበት ውሃ ከተሟሟው ባይካርቦኔት ካርቦን ማውጣት ስለሚችል፣ ሌላው በሚመነምንበት ይለመልማል። ሲተከል ሥሩ ብቻ ይቀበራል፤ ቅጠሉ ከሥሩ የሚነሣበት አንገት ከአሸዋ በላይ ካልቀረ ይበሰብሳል። የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተወላጅ የሆነው አኑቢያስ ደግሞ አነስተኛ ብርሃን ይበቃዋል፤ አግድም የሚሄደው ወፍራም ግንዱ ግን ሳይቀበር በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ይታሰራል። ብዙው ለገበያ የሚቀርብ ተክል ቅጠሉ ከውሃ በላይ ሆኖ ያደገ ስለሆነ፣ ገንዳ በገባ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የድሮ ቅጠሉን ያረግፋል። ይህን ያላወቀ ሰው ሞተ ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል፤ የሚገባው ግን የረገፈውን ለቅሞ አዲሱን ቅጠል መጠበቅ ነበር። ብርሃን በቀን ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ይበቃል፤ ትርፉ አልጌን መቀለብ ነው።

ተቆርጦ የሚጣለው ቅጠልም የራሱ ታሪክ አለው። ኤሎዲያ የተባለው የሰሜን አሜሪካ የውሃ ተክል በ1840ዎቹ በብሪታንያ ውሃዎች ታየ፤ በ1850ዎቹ፣ ማለትም የአኳሪየም ፍቅር በጋለበት ጊዜ፣ ወንዞችንና የጀልባ ቦዮችን አጨናንቆ ነበር። በዚያ አገር የነበረው ከሞላ ጎደል ሴቴው ብቻ ነበር፤ ይኸውም ያለ ዘር፣ ከቁራጭ ግንድ ብቻ፣ ያን ያህል ተስፋፋ ማለት ነው። ከደቡብ አሜሪካ ለአበባው ውበት ሲባል በዓለም የተበተነው እምቦጭም በኢትዮጵያ በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ተመዘገበ፤ በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ ታየ። ከገንዳ የወጣ ተክል ወደ ወንዝም ወደ ቦይም አይጣልም፤ በፀሐይ ደርቆ ወደ ማዳበሪያ ጉድጓድ ይገባል። እምቦጭ ከሆነ ግን አበባ ሳያወጣ መነቀል አለበት፤ ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያልና።