መዝገቡና ሰው፦ የግል መረጃ አያያዝ በታሪክ ሚዛን



ስለ ግል መረጃ ጥበቃ ሲነሣ ጉዳዩ ከኢንተርኔት ጋር አብሮ የተወለደ ይመስለናል። ታሪኩ ግን ከኮምፒዩተር ይቀድማል። ለዛሬ የመረጥሁት ምሳሌ የኔዘርላንድስ የሕዝብ መዝገብ ነው።

ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ1936 በወጣ ደንብ መሠረት ለእያንዳንዱ ነዋሪ የግል ካርድ አዘጋጀች። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ የቤተሰብ ሁኔታና ሃይማኖት በካርዱ ላይ ሰፈሩ። በሰላሙ ዘመን ይህ ተራ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነበር። በግንቦት 1940 ግን ናዚ ጀርመን አገሪቱን ወረረች፤ መዝገቡም እንደ ተሟላ በወራሪው እጅ ገባ።

የምዝገባው ኃላፊ ያኮቡስ ሌንትስ ለሥራው ጥራት እጅግ የሚጨነቅ ሰው ነበር። በወረራው ዘመን ተመሳስሎ ለመሠራት የሚያስቸግር መታወቂያ አዘጋጀ። በጥር 1941 አይሁዳውያን እንዲመዘገቡ ታዘዘ፤ ቆይቶም በመታወቂያቸው ላይ የሚለያቸው ፊደል ታተመ። በአገሪቱ ከነበሩት 140,000 ገደማ አይሁዳውያን ከ100,000 በላይ የሚሆኑት ተገደሉ። የእልቂቱ ምክንያት መዝገቡ ብቻ አልነበረም፤ ሆኖም አዳኙ ታዳኙን ከየቤቱ ለመልቀም አድራሻ ፍለጋ አልደከመም።

መጋቢት 27 ቀን 1943 ሠዓሊውና ደራሲው ቪለም አሮንዴውስ የነበረበት የአርበኞች ቡድን የአምስተርዳምን የምዝገባ ጽሕፈት ቤት በእሳትና በፈንጂ አጠቃ። የተቃጠለው ከካርዶቹ ከፊሉ ብቻ ነበር፤ በዘ ሄግ ደግሞ የመታወቂያዎቹ ማስረጃ በማእከል ተቀምጦ ነበር። አሮንዴውስን ጨምሮ 12 ሰዎች በሐምሌ ወር ተረሸኑ። አንድ ጊዜ የተጻፈን መረጃ መሰረዝ ሕይወት እስከ መክፈል ያደርሳል ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ መረጃ ከሰብሳቢው ዓላማ በላይ ዕድሜ እንዳለው ነው። መዝጋቢው ይሾማል፣ ይሻራል፤ መዝገቡ ግን ለተከታዩ ይተርፋል። ስለዚህ «በመልካም አስተዳደር ነው የምንይዘው» የሚለው ቃል በቂ ዋስትና አይሆንም። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1983 በሕዝብ ቆጠራ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ሰው በራሱ መረጃ አጠቃቀም ላይ የመወሰን መብት እንዳለው ያረጋገጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

የዛሬው ነጋዴ እንደ ወራሪ ጦር አይደለም፤ ሁለቱን ማመሳሰል ታሪክን ማቃለል ይሆናል። የዓላማ መለወጥ ጥያቄ ግን በገበያውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ ለፖለቲካ ቅስቀሳ ሥራ አላግባብ ተላልፎ ሊሆን እንደሚችል ኩባንያው ራሱ አምኗል። ለወዳጅ የተገለጠው ነገር ለማያውቁት ሰው መሣሪያ ሆነ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፍ እንደ ነበር የምናስታውስ ብዙዎች ነን። ዛሬ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል። መመዝገብ ራሱ ነውር አይደለም፤ ያልተመዘገበ ሰው መብቱን ማስረዳት ይቸግረዋል። ሕግ ግን የሚጠብቀው የተጻፈውን ነው። ምን መጻፍ እንደሌለበት የሚወስነው አስቀድሞ ቅጹን የሚያዘጋጀው ሰው ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ቅጹን የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁ። በእያንዳንዱ ባዶ መስመር ፊት «ይህ ለምን ያስፈልጋል? በክፉ እጅ ቢገባስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ያጣችሁለትን መስመር አውጡት።