የቤተሰብ ጋዜጣና የቃሊቲ በር

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ የምትገኘው አቃቂ በሀገራችን የመገናኛ ታሪክ ውስጥ ስሟ ደጋግሞ የሚነሣ ሥፍራ ናት። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ያለፈው በአቃቂ በኩል ነው። በ1928 ዓ.ም. መግቢያ፣ የፋሽስት ጦር ድንበር ሊሻገር ሳምንታት ብቻ ሲቀሩት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ድምፃቸውን ለዓለም ያሰሙት ከአቃቂ የሬድዮ ጣቢያ ነበር። የጋዜጣ ታሪክ ግን ወደዚህ ሠፈር የገባው በወኅኒ ቤት በር ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረውም በአንድ ባልና ሚስት የጋዜጣ ሥራና ያ ሥራ እስከ ቃሊቲ በመራው መንገድ ላይ ይሆናል።

የግል ሰው ጋዜጣ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አልነበረም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የወጣው «አእምሮ» አዘጋጁ ካቫድያስ የተባለ ግሪካዊ ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂ ብቻ ይሠራጭ ነበር። ይሁን እንጂ «አዲስ ዘመን» በ1933 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ጋዜጣ ማለት በአመዛኙ የመንግሥት ጋዜጣ ማለት ሆኖ ኖረ። ይህ የተለወጠው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ ነው። ቅድመ ምርመራ ሲቀር የጋዜጦቹ ቍጥር በአጭር ጊዜ እጅግ በዛ፤ አብዛኞቹ ግን ወራት እንኳ ሳይቆዩ ጠፉ።

በዚያን ጊዜ ከአሜሪካ ትምህርቱን ጨርሶ የተመለሰው እስክንድር ነጋ «ኢትዮጲስ» የተባለውን ጋዜጣ አቋቋመ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደጋግሞ ታስሯል። ባለቤቱ ሰርካለም ፋሲል በስሟ የተቋቋመውን አሳታሚ ድርጅት ይዛ «አስኳል»ን፣ «ምኒልክ»ንና «ሳተናው»ን ታሳትም ነበር። እንግዲህ ባል ጸሐፊ፣ ሚስት አሳታሚ፣ ድርጅቱም የቤተሰብ ሀብት ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ጋዜጣ እንዴት ይኖር እንደነበረ የዛሬው ወጣት ባልደረባችን ላያውቀው ስለሚችል ጥቂት መግለጽ ይገባል። የጋዜጦቹ አሳታሚዎች የራሳቸው ማተሚያ መሣሪያ አልነበራቸውም። ሁሉም የሚሰለፉት ከመንግሥቱ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ደጃፍ ሲሆን፣ ወረቀት በተወደደ ቍጥር የጋዜጣው ዕድሜ ያጥር ነበር። ጋዜጣው ከማተሚያ ቤት ሲወጣ የሚረከቡት አከፋፋዮች ናቸው፤ ከእነርሱም አዟሪ ልጆች በክንዳቸው ታቅፈው በየታክሲው መስኮት ያዳርሱታል። ገንዘብ ያጠረው አንባቢ ደግሞ ከመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በሳንቲም ተከራይቶ አንብቦ ይመልሰዋል። ስለሆነም አንዱ ቅጂ በብዙ ሰው እጅ ስለሚያልፍ የተነባቢነቱን ልክ ከታተመው ቅጂ ብዛት ማወቅ አይቻልም። እንደ አቃቂ ባሉ የፋብሪካ ሠራተኛ በሚበዛባቸው ሠፈሮች የዕለት ደመወዝን ከጋዜጣ ዋጋ ጋር ማመዛዘን የግድ ነበርና፣ የኪራይ ንባብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመገመት አያዳግትም።

በእውነቱ ከሆነ የዚያ ዘመን የግል ጋዜጦች ሁሉ ሚዛናቸውን የጠበቁ ነበሩ ለማለት አልደፍርም። ርእሳቸው ከሐተታቸው የሚጮኽ፣ ወሬን ከዜና ሳይለዩ የሚያትሙ ብዙ ነበሩ። ነገር ግን በመንግሥት ሬድዮ የማይሰማውን የሚናገር ሌላ አፍ መኖሩ በራሱ ለአንባቢው ትልቅ ነገር ነበር።

በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተካሄደው ምርጫ ያስነሣው ውዝግብ ወደ ደም መፋሰስ ካመራ በኋላ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ የተቃዋሚ መሪዎችና ጋዜጠኞች በጅምላ ታሰሩ። በኅዳር ወር ባልና ሚስቱም ተያዙ። መንግሥት የመሠረተው ክስ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን በኃይል ለመናድ ተሞክሯል የሚል ነበር። ሰርካለም በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ በሰኔ 1998 ዓ.ም. በእስር ላይ እንዳለች ወንድ ልጅ ወለደች።

የታሰሩበት የቃሊቲ ወኅኒ ቤት የቀድሞውን የከርቸሌን ቦታ የተካ ነው። «ዓለም በቃኝ» የተባለው ያ አሮጌ እስር ቤት በ1996 ዓ.ም. ተዘግቶ በኋላ ፈረሰ፤ በቦታውም የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ተሠርቶ በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። ስንቅ በፌስታል ቋጥሮ የታሰረ ዘመዱን ለመጠየቅ የሚሄደው ሰው መንገዱን ወደ ደቡብ አዞረ። ከተማው «ቃሊቲ ወረደ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ባልና ሚስቱ ከዐሥራ ሰባት ወር እስራት በኋላ በ1999 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ተለቀቁ። ነገር ግን ድርጅቱ ጥፋተኛ ተብሎ በ120,000 ብር ተቀጣ። ጋዜጣ እንደገና ለማውጣት ያቀረቡት ጥያቄም ፈቃድ ተነፈገ። የቤተሰብ ጋዜጣ ድካሙ እዚህ ላይ ይታያል። ትልቅ ድርጅት ቢሆን ዋና አዘጋጁ ሲታሰር ምክትሉ ይተካል፤ አሳታሚው ቢከሰር ባለአክሲዮኖቹ ይመክራሉ። ባል፣ ሚስትና ጋዜጣ በአንድ ጣራ ሥር ሲኖሩ ግን አንዱ ሲመታ ሁሉም ይመታል። ሌላ ተወራሽ የለም። ሌሎች አሳታሚዎች በ2000 ዓ.ም. ገደማ ፈቃድ አግኝተው ወደ ገበያ ሲመለሱ፣ «አስኳል»ና እኅቶቹ ግን አልተመለሱም።

እስክንድር ጽሑፎቹን በኢንተርኔት ማውጣቱን ቀጠለ። መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ዳግመኛ ተይዞ በፀረ ሽብር አዋጁ መሠረት ዐሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት። ከፍርዱ በፊት በነበረው ሚያዝያ፣ ዓለም አቀፉ የደራስያን ማኅበር ፔን በኒው ዮርክ የሰጠውን ሽልማት በስሙ የተቀበለችው ሰርካለም ናት፤ እርሷም ቀደም ሲል በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ ከዓለም አቀፉ የሴቶች የመገናኛ ብዙኃን ድርጅት የጀግንነት ሽልማት መመረጧ ይታወሳል። እስክንድር ከቃሊቲ የወጣው በየካቲት 7 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ፖለቲካ፣ ኋላም ወደ ትጥቅ ትግል መግባቱ ከዚህ ጽሑፍ ርእስ ውጭ ስለሆነ ለሌሎች ጸሐፊዎች ትቼዋለሁ።

የጋዜጣ ወረቀት በማግስቱ የቆሎ መጠቅለያ ይሆናል። የ1990ዎቹ የግል ጋዜጦች ቅጂዎች በየሰዉ ቁም ሣጥን አናት ላይ አቧራ ለብሰው የሚገኙ ከሆነ፣ ማኅበራችን ቢሰበስባቸው ለነገው ታሪክ ጸሐፊ ሥራውን ያቀልለታል። «ኢትዮጲስ» ደግሞ እስክንድር ከእስር በወጣ በዓመቱ ውስጥ እንደገና ታትሞ በአዟሪዎች እጅ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ተሸጧል።